ትምህርት ቤቱም ዘሩም እጃችን ላይ ነበር

ያልነበረው ሰው አይቆጨውም። የሚያንገበግበው አግኝቶ መጣል ነው። እኛ ደግሞ ጅማ ላይ አግኝተን ጥለናል።

እ.አ.አ. በ1950 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቆጠራ ነው የምጠራቸው) የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት አዲስ አበባ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተወያዩ። ብዙም ሳይቆዩ አባቶቻችን «ፖይንት ፎር» የሚሉት የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኑ። በ1951 መጨረሻ ቴህራን አጠገብ አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ቢሞቱም ሐሳባቸው አብሯቸው አልተቀበረም። በ1952 ውሉ ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዓለማያ ላይ የሚሠራው የእርሻ ኮሌጅ እስኪያልቅ ድረስ የመጀመሪያዎቹ የኮሌጁ ተማሪዎችም እዚያው ጅማ ተማሩ።

ሐሳቡ ግሩም ነበር። ማስተማር፣ መመራመርና የተገኘውን ዕውቀት ወደ ገበሬው ማድረስ በአንድ ግቢ ይሠሩ ተባለ። ተማሪው ኬሚስትሪን ከአፈር፣ ሥነ ሕይወትን ከጥጃና ከችግኝ፣ ፊዚክስን ከእርሻ መሣሪያ ይማራል። አስተማሪዎቹ ከኦክላሆማ መጡ፤ ከእኛም ልጆች ባሕር ተሻግረው ሄዱ። በዚያ ዘመን ከአፍሪካ ስንቱ አገር እንዲህ ያለ በር ተከፍቶለት ነበር?

ነገር ግን ኦክላሆማ ቡና አይበቅልም። ከዚያ የመጡት መምህራን ስለ በቆሎ፣ ስለ ወተት ላምና ስለ ትራክተር ብዙ የሚያስተምሩት ነበራቸው፤ ስለ ቡና ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ያለው ገበሬ ይበልጣቸው ነበር። በዓለም ላይ አረቢካ ቡና በገዛ ራሱ ከሚበቅልባቸው ጥቂት ጫካዎች ዋነኞቹ ያሉት በዚያ ዙሪያ ነው። ልውውጥ መስጠትም መቀበልም ነው፤ እኛ ግን ተቀባይ ብቻ ሆነን ገባንበት። «የእናንተን እንማራለን፤ እናንተም የኛን ቡና ለመማር ልጆቻችሁን ላኩ» አላልንም።

በ1956 ኮሌጁ ወደ ዓለማያ ተዛወረ። ዓለማያ ለአገሪቱ ያበረከተው ብዙ ነውና በዚያ አልቀናም። የቡናው አገር ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ይዞ ቀረ። የኦክላሆማ ውልም በ1968 አበቃ።

ተማሪ ያልጋበዝንባቸው ዓመታት ዘር ሰብሳቢ የመጣባቸው ዓመታት ነበሩ። በ1964 እና 65 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ በ1966 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የደቡብ ምዕራቡን ጫካ እየዞሩ የቡና ዘር ሰበሰቡ። ተደብቀው አልመጡም፤ በሩን የከፈትንላቸው እኛው ነን። ከዘሩ ከፊሉ ኮስታሪካ፣ ቱሪያልባ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ብራዚል ተሻገረ። በ2004 ፓውሎ ማዛፌራና ባልደረቦቻቸው 300 የኢትዮጵያ ዝርያዎችን የሚወክሉ 3 ሺህ ያህል ዛፎች መርምረው ካፌይን የሌለባቸው ሊባሉ የሚችሉ 3 ተክሎች ማግኘታቸውን ለዓለም አበሰሩ። ምርምሩ የብራዚል፣ ዘሩ የኛ።

የጌሻ ቡናው ደግሞ ይባስ። ዋና ከተማው ጅማ ከነበረው ከቀድሞው የከፋ ክፍለ ሀገር፣ ከጌሻ፣ በ1930ዎቹ የተወሰደው ዘር በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ በ1953 ቱሪያልባ ገባ። የጅማ ትምህርት ቤት በተከፈተ በዓመቱ ማለት ነው። ከዚያ ፓናማ ደረሰ፤ በ2004 በጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር አውጥቶ ዓለምን አስደነቀ፤ በ2024 የአንዱ ኪሎ ዋጋ ከ10 ሺህ ዶላር አለፈ። ቡናውን ውድ ያደረገው መሬቱ ብቻ አይደለም። ዛፉን ለብቻው የለየ፣ ለብቻው የለቀመ፣ ቀምሶ ያወቀ የተማረ ገበሬ አለ። እኛ ዘሩን ሰጥተን ዕውቀቱን አልጠየቅንም።

አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩ ተገልብጦ ነበር። በ1971 ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ገባና ፍሬውን በዛፉ ላይ እያጠቆረ ይጨርስ ጀመር። ያኔ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እንደ ራውል ሮቢንሰን ካሉ የውጭ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ጅማ አጠገብ ባለው የመልኮ ምርምር ማዕከል መፍትሔውን ፍለጋ ወደ ጫካውና ወደ ገበሬው ማሳ ወረዱ። ጎረቤቱ ሁሉ ታሞ ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ መርጠው ዘሩን አባዙ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 በ1974 ከተመረጡት ዛፎች የተገኙ ናቸው። ፈረንጁም፣ የኛው ባለሙያም፣ ገበሬውም በአንድ ጫካ ተማሪ ሆኑና ቡናችን ተረፈ። ከዚህ የተሻለ የትምህርት ዘዴ ማን ያመጣልናል? ያንን ልምድ ወደ ትምህርት ቤት መለወጥ ሲገባን አደጋው ሲያልፍ ረሳነው።

ኮስታሪካ ግን አልረሳችም። በ1990 ማስተማር የጀመረው ኧርዝ ዩኒቨርሲቲ አፍሪካውያንን ጨምሮ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ወጣቶችን ሳይንስን በእርሻ ላይ ያስተምራል፤ ተማሪው ማሳም ይወርዳል፣ ቤተ ሙከራም ይገባል። ከኛ የሄደው ዘር ያለበት አገር የኛም ሊሆን ይችል የነበረውን ትምህርት ቤት ሠራ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለውን ተረት የምናውቀው እኛ፣ የሠሩበት እነሱ።

ጅማ ምንም አልሠራችም አልልም። የእርሻ ትምህርት ቤቱ በኋላ ኮሌጅ ሆኖ በ1999 ከጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከ2007 ጀምሮም ከቤልጅየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት የዘለቀ ትብብር ነበረው። ጎማ ወረዳ፣ ጮጬ ላይ ከ5 ሺህ በላይ የቡና ዝርያ በመስክ ተተክሎ ይጠበቃል። ሆኖም የአጋሮ፣ የየቡ፣ የሊሙ ገነት ተማሪ ስለ ብቅለትና ስለ መብላላት የሚማረው ከጥቁር ሰሌዳ ነው። እናቱ በሽቦ አልጋ ላይ ቡና እየገለበጠች ርጥበቱ 11 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ትጠብቃለች፤ በማጠቢያ ጣቢያው ገንዳ የተፈለፈለው ቡና ሌሊቱን ይብላላል፤ የገንዳው ውኃ ወንዝ ሲገባ ዓሣው ይሞታል። ሙሉ የኬሚስትሪና የሥነ ሕይወት ትምህርት ደጃፉ ላይ እየፈሰሰ መምህሩ በጠመኔ ሥዕል ይሥላል።

የዚህን ዋጋ ለማወቅ ዱሮሚናን ማየት ይበቃል። የአጋሮ አካባቢ ቡና ለረጅም ዘመን «ጅማ 5» እየተባለ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ቴክኖሰርቭ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ገበሬዎቹ በማኅበር እንዲደራጁ፣ ውኃ ቆጣቢ መፈልፈያ እንዲተክሉ፣ ቀዩን ብቻ እንዲለቅሙ አገዘ። የዱሮሚና ማኅበር ቡና በ2012 ከአፍሪካ ቡናዎች አንደኛ ተባለ። መሬቱ ያው መሬት፣ ዛፉም ያው ዛፍ ነው፤ የጎደለው ዕውቀት ነበር። የእርሻ ትምህርት ቤት ከአጋሮ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ተከፍቶ፣ ያ ዕውቀት አጋሮ የደረሰው በ60 ዓመቱ፣ ያውም በሌላ እጅ ነው።

አሁንም ጨርሶ አልመሸም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የለቀማ ወቅት የትምህርት ወቅት ይሁን። የጮጬ መስክ፣ የመልኮ ቤተ ሙከራ፣ የዩኒቨርሲቲው ኮሌጅና የማኅበራቱ ማጠቢያ ጣቢያዎች አንድ ትምህርት ቤት ይሁኑ። የኮሎምቢያው፣ የቬትናሙ፣ የጃፓኑ ተማሪ ከፍሎ ይምጣ፤ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ የጎማ ወይም የማና ልጅ ጎን ለጎን ይማር፤ በተራውም ወደ እነሱ አገር ይሂድ። የዘር ናሙና እንዲወጣ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ከእንግዲህ አንድ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጥ፦ ዘር የሚወስድ ተማሪ ያስተምር።

ጫካው እየተመነጠረ፣ ቡናው እየተነቀለ በጫት እየተተካ ነው። ሰባ ዓመት አባክነናል፤ ሌላ ሰባ ዓመት የሚጠብቀን ጫካ የለም።