ጉልበት ሲደክም የሚቀረው አገልግሎት



እኛ እዚህ ሎስ አንጀለስ የምንኖር አራት አገልጋዮች ነን። አራታችንም ሃምሳን አልፈናል። ሁላችንም በአንዲት ቤተ ክርስቲያን እናገለግላለን፤ ስትጀመር ወንበር የምንደረድረውም፣ የምንሰብከውም፣ በመጨረሻ መጥረጊያ የምንይዘውም እኛው ነበርን። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ቤዝቦል ነው ብንል ትስቁ ይሆናል። እኛም ኳስ ሲባል በእግር የሚመታውን ብቻ እያወቅን ያደግን ሰዎች ነን። ቤዝቦልን ያስተማሩን እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ናቸው። ነገር ግን በ2025 መጸው ጌታ በዚህ ጨዋታ በኩል ልባችንን ነካን። ለእናንተም ይጠቅማል ብለን ስላመንን እናካፍላችኋለን።

አስቀድመን ግን የራሳችንን ጉድ እንናዘዝ። በዚያው ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጠርተው አነጋገሩን። የእሑዱን ስብከት በአብዛኛው ወጣቶቹ ወንድሞች እንዲይዙት፣ እኛ ደግሞ አልፎ አልፎ በየተራ እንድናገለግል ጠየቁን። በፍቅር ነበር የተናገሩት፤ ያሉትም እውነት ነበር። ስብከታችን ረዝሟል። ከእኛ አንዱ ያንኑ ምሳሌ በሦስት እሑድ ደጋግሞ ተናግሯል። የሌላው ድምፅ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ይዘጋል። ልጆቹም ከስብከቱ ግማሹን አይሰሙንም።

በአፋችን "እሺ፣ ጌታ ይባርካችሁ" አልን። ከዚያ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ አጉረመረምን። አንዳችን "ዛፉን ተክለን አሳድገን፣ አሁን ከጥላው ሥር ተነሡ ተባልን" አለ። ሌላው ምንም አልተናገረም፤ ቤቱ ሲገባ ግን የሃያ ዓመት የስብከት ማስታወሻውን በካርቶን አድርጎ ጋራዥ ውስጥ ከተተው። ይቅርታ ስለ ማድረግ ስንት ጊዜ የሰበክን ሰዎች ለሳምንታት ልባችን ተቋጥሮ ቆየ።

አሁን ወደ ጨዋታው እንመለስ። ለማታውቁት በአጭሩ እናስረዳ። በቤዝቦል ኳስ የሚወረውረውን ሰው ፒቸር ይሉታል። ከፊቱ ዱላ የያዘ መቺ ይቆማል። የፒቸሩ ሥራ መቺው ኳሷን በደንብ እንዳያገኛት አድርጎ መወርወርና እርሱን ከጨዋታው ማስወጣት ነው። ሦስት ሰው ሲወጣ ተራው ይለወጣል፤ ሁለቱም ቡድኖች ተራቸውን ሲጨርሱ አንድ ኢኒንግ ይባላል። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው፤ እኩል ከሆኑ ይቀጥላል። የፒቸር ሥራ ሁሉ በትከሻና በክርን ላይ ስለሆነ፣ ዕድሜ ከሌሎቹ ይልቅ የእርሱን በር ቀድሞ ያንኳኳል።

ክሌይተን ከርሾው ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ መጫወት የጀመረው በ2008 በ20 ዓመቱ ነው። 18 ዓመት ሙሉ ከዚያ ቡድን አልወጣም። ለሊጉ ምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት በ2011፣ በ2013 እና በ2014 ወስዷል። ክርስቲያን መሆኑን በአደባባይ የሚናገር ሰው ነው፤ ከባለቤቱም ጋር ሆነው በዛምቢያ ያሉ ወላጅ አልባ ልጆችን ሲረዱ ቆይተዋል።

ነገር ግን ክንዱ ደከመ። በወጣትነቱ በሰዓት 94 ማይል ገደማ ትበር የነበረችው ኳሱ፣ በ2025 ወደ 89 ማይል ወርዳ ነበር። በ2023 የዋንጫው ውድድር ላይ ከአሪዞና ጋር ሲጋጠሙ፣ አንድ ሰው ብቻ አስወጥቶ 6 ነጥብ ገብቶበት ከሜዳ ወጣ። በዚያው ዓመት ትከሻው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2024 ቡድኑ ዋንጫውን ሲወስድ እርሱ በሕመም ምክንያት አንድም የዋንጫ ጨዋታ ሳይጫወት ተመልካች ሆነ። በ2025 ተመልሶ፣ በፍጥነት ያጣውን በብልሃት እየሞላ 11 ጨዋታ አሸነፈ፤ የተሸነፈው 2 ብቻ ነው። ጁላይ 2 ቀንም 3,000ኛውን መቺ ኳስ አስቶ አስወጣ። ሴፕቴምበር 18 ቀን ግን ከዚያ ዓመት በኋላ እንደማይጫወት አስታወቀ። በማግስቱ በሜዳቸው ሲጫወት ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ያምር ነበር። ነገር ግን የዋንጫው ውድድር ገና መጀመሩ ነበር። ለመጀመሪያው ዙር ስሙ ከተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ አልገባም። በሁለተኛው ዙር፣ ኦክቶበር 8 ቀን ከፊላዴልፊያ ጋር ሲጋጠሙ ቡድኑ እየተመራ ሳለ አስገቡት። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ከጸሎት ፕሮግራም በኋላ ከእኛ የአንዱ ቤት ተሰብስበን ሻይ እየጠጣን ነበር፤ ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ከፍተውታል። በሁለት ኢኒንግ 5 ነጥብ ገባበት። የሚወረውረው ሁሉ ይመታል። የሚተካው ሰው ስላልመጣም እዚያው ቆሞ ተቀበለው። ቡድኑ 8 ለ 2 ተሸነፈ።

ከልጆቻችን አንዱ ዞር ብሎ "አባዬ፣ ያኔ ሰዉ ሁሉ ሲያጨበጭብለት ለምን አላቆመም? አሁን እኮ አሳፈረ" አለ።

አራታችንም ዝም አልን። ልጁ የጠየቀው ስለ ኳስ ነው፤ ጥያቄው ግን እኛው ላይ አረፈ። በክብር ሳሉ መሄድ ይሻላል? ወይስ እስኪያዋርዱን ድረስ መቆየት? በልባችን ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ መንገድ አልነበረም።

በዚያ ሳምንት አንዳችን ዘኍልቍ ምዕራፍ 8ን ይዞ መጣ። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ይህን ክፍል ለፈተና ያህል አንብበን አልፈነዋል፤ ሃምሳ ዓመት ያኔ ሩቅ ነበር። ከቁጥር 24 እስከ 26 ያለውን አንብቡት። ሌዋውያን በ25 ዓመታቸው ወደ አገልግሎት ይገባሉ፤ 50 ሲሞላቸው ከሥራው ይወጣሉ። የሌዋውያን ሥራ ቀላል አልነበረም፤ ድንኳኑን ነቅለው፣ ንዋያተ ቅድሳቱን ተሸክመው በምድረ በዳ ይጓዙ ነበር። ቀዓታውያን ደግሞ የሚሸከሙት በትከሻቸው ነበር። ትከሻ ዕድሜ እንዳለው የሚያውቅ ጌታ ነው ይህን ሕግ የሰጠው።

ሁለት ነገር አስተዋልን። አንደኛ፣ ሸክሙ የሚነሣው ሰው ስለ ናቃቸው አይደለም፤ እግዚአብሔር ራሱ ስላዘዘ ነው። እኛ ስድብ ያልነውን እርሱ ሥርዓት አድርጎታል። ሁለተኛ፣ ሃምሳ የሞላውን ሌዋዊ ወደ ቤትህ ሂድ አላለውም። በመገናኛው ድንኳን ወንድሞቹን እያገዘ በጥበቃው ይቀጥላል። እግዚአብሔር ከሸክሙ እንጂ ከድንኳኑ አላሰናበታቸውም። ልጁ የጠየቀንን ስንሰማ ያላየነው ሦስተኛው መንገድ ይህ ነበር።

ዳዊትም በዚህ አልፏል። 2ኛ ሳሙኤል 21 ላይ ከፍልስጥኤማውያን ጋር ሲዋጋ ደከመ። በልጅነቱ ጎልያድን የጣለው ሰው በሌላ ግዙፍ ሰው እጅ ሊወድቅ ሲል አቢሳ ደርሶ አዳነው። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ዳግመኛ ወደ ጦርነት አብሯቸው እንዳይወጣ ማሉ፤ የእስራኤል መብራት ነውና እንዳይጠፋባቸው ፈሩ። ያስቆሙት የሚወዱት ሰዎች ነበሩ። እኛም ሽማግሌዎቻችንን በዚህ ዓይን አላየናቸውም ነበር።

ዶጀርሶች ያንን ዙር አለፉ። ቀጥሎ ከሚልዋኪ ጋር ሲጫወቱ ከርሾው አንድ ኳስ እንኳ እንዲወረውር አልተጠራም። ተጠባባቂ ፒቸሮች በሚቀመጡበት ቦታ ከወጣቶቹ ጋር ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ኦክቶበር 27 ቀን ሰኞ ነበር። ከቶሮንቶ ጋር ለዋንጫው የሚያደርጉት ሦስተኛው ጨዋታ ነው። ዘጠኙ ኢኒንግ አልቆ እኩል ስለ ሆኑ ጨዋታው ቀጠለ። በ12ኛው ላይ ቶሮንቶ ሦስቱንም ቤዝ በሯጮች ሞላ፤ ሁለት ሰው ወጥቷል፤ አንድ ሰው ማስወጣት ይቀራል። አንድ ጥሩ ምት ከተገኘ ቶሮንቶ ይቀድማል። አሰልጣኙ ዴቭ ሮበርትስ ከርሾውን ጠራ። ከዚያ ክፉ ምሽት በኋላ በ19ኛው ቀን መሆኑ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ "አይሆንም!" አልን፤ ከሁሉም በላይ የጮኽነው እኛ ሽማግሌዎቹ ነበርን።

ስምንት ኳስ ወረወረ። በስምንተኛዋ መቺው መሬት ለመሬት መታት፤ ኳሷ ቀድማው ወደ መጀመሪያው ቤዝ ደረሰች። ሰውየው ወጣ። የከርሾው የዚያ ሌሊት ሥራ ይህ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎች ወረወሩ፤ የመጨረሻዎቹን አራት ኢኒንግ ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው ወጣት ዊል ክላይን ያለ አንድ ነጥብ ተሻገራቸው። እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በ18ኛው ኢኒንግ ፍሬዲ ፍሪማን መትቶ ጨዋታውን ጨረሰው። 6 ለ 5።

እባካችሁ አትሳሳቱ፤ እግዚአብሔር የዶጀርስ ደጋፊ ነው እያልን አይደለም። ያቺ ኳስ ብታልፍ ኖሮም የምንማረው ነገር ነበረን። ክንዱ በእነዚያ 19 ቀናት አልታደሰም። የተለወጠው የተሰጠው ሸክም ነው። በዚያ ምሽት ሁለት ኢኒንግ ከአቅሙ በላይ ሆነበት፤ በዚህ ሌሊት አንድ ሰው ማስወጣት ልኩ ሆነ። ልኩን የወሰነው ደግሞ እርሱ ራሱ አልነበረም፤ ጠሪው ሌላ ሰው ነው። የእርሱ ድርሻ ሲቀመጥ አለማኩረፍ፣ ሲጠራም ዝግጁ ሆኖ መገኘት ነበር። ቡድኑ ኖቬምበር 1 ቀን ቶሮንቶ ላይ ዋንጫውን ሲያነሣም፣ እርሱ ምናልባት ልጠራ እችላለሁ ብሎ ክንዱን እያሟሟቀ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ከእኛ የአንዱ ስልክ ጮኸ። የደወለው አሁን በእሑድ የሚሰብከው ወጣት ወንድም ነበር። አንዲት እናታችን ሆስፒታል ገብተው ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል። እንግሊዝኛ አይችሉም። ወጣቱ ወንድም አማርኛው ለስብከት ይበቃዋል፤ ከሞት ጋር ለሚታገሉ እናት ግን ቃል አጠረው። ሁለታችን ሄድን። የዘጋ ድምፃችንን ይዘን በልጅነታቸው የሚያውቁትን መዝሙር ቀስ ብለን ዘመርንላቸው፤ እጃቸውን ይዘን በአገራቸው ቋንቋ ጸለይን። ሃያ ደቂቃ አይሞላም። "ተመስገን" ብለው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ኮሪደሩ ላይ ወጣቱ "ጋሼ፣ ምን እንደምላቸው ጠፍቶኝ ነበር" አለ። "እኛም በአንተ ዕድሜ ጠፍቶን ነበር" አልነው። ከእኛ አንዱ በሌሊት መንዳት ስለማይችል ወደ ቤታችን ያደረሰን እርሱ ነው። መኪናው ውስጥ ለሳምንታት አኩርፈነው እንደ ነበር ነገርነውና ይቅርታ ጠየቅነው። "አውቅ ነበር" አለን፤ "እየጸለይኩ ነበር።"

አሁን እሑድ እሑድ ወጣቶቹ ሲሰብኩ እኛ ከመድረኩ ኋላ ባለችው ትንሽ ክፍል ተንበርክከን እንጸልያለን። እውነቱን እንናገር፤ አንዳንዴ አሁንም ያመናል። መድረኩ ይናፍቀናል። በዚያን ጊዜ ዘኍልቍ 8ን እናስታውሳለን፤ ሸክሙ ተነሣ እንጂ ጥበቃው አልተነሣም። ካርቶኑም ከጋራዥ ወጥቶ በወጣቶቹ እጅ ነው። የሚጠቅማቸውን ያንብቡ፤ ሦስቴ የተደጋገመውን ምሳሌ ይዝለሉት።

በጌታ የሆናችሁ፣ ዕድሜያችሁ የገፋ ወገኖች፣ ልካችሁ አንሷልና ዋጋችሁ አንሷል አትበሉ። ውጫዊው ሰው እያረጀ ሲሄድ ውስጣዊው ዕለት ዕለት እንደሚታደስ ጳውሎስ ነግሮናል (2ኛ ቆሮ. 4፥16)። ወጣቶች፣ የደከሙትን አትናቁ፤ አንድ ሌሊት ስልካቸውን ትፈልጉት ይሆናል።

ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችንም፣ ምናልባት ሥራችሁን ወይም ጤናችሁን አጥታችሁ "አሁን እኔ ማን ነኝ?" እያላችሁ ይሆናል። ክርስቶስ የሞተልን ብርቱ ሳለን አይደለም፤ ደካሞች ሳለን ነው (ሮሜ 5፥6)። በእርሱ ዘንድ ለመወደድ ፍጥነት አይጠየቅም። እንዲሁ ኑ።

ጌታ ሆይ፣ ጉልበታችን ሲያልቅ አትጣለን። ልካችንን በትሕትና እንድንቀበል እርዳን፤ በጠራኸንም ሌሊት ነቅተን አግኘን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ዘመናችሁን ይባርክ።