ሁለት ሰርቨር፣ አንድ መዝገብ

የቡለቲኑ አዘጋጆች ከኢንተርንሺፕ የተመለስን ልጆች የገጠመንን እንድንጽፍ በጠየቁት መሠረት እኔም ይህችን ሞነጫጭሬአለሁ። የነበርኩበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠቅስም፤ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ነው ማለቱ ይበቃል። የምጽፈው ስለ ሰርቨር ክላስተር ነው። በተለይ ደግሞ ክፍል ውስጥ በአንድ ስላይድ ስላለፍናት ፌንሲንግ ስለምትባል ነገር።

ክላስተር ምን እንደሆነ ለናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰርቨሮች ተቀናጅተው አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን ይረከባል፣ ተጠቃሚው ምንም አይሰማውም፣ አለቀ። ሻጮቹ ታዲያ ስለ “ዘጠኞች” ማውራት ይወዳሉ። 99.9 በመቶ ማለት በዓመት 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ገደማ መቆም ነው፤ 99.999 በመቶ ሲሆን ግን በዓመት 5 ደቂቃ ከሩብ ያህል ብቻ ይሆናል። በጨረታ ሰነድ ላይ ሲነበብ ያምራል። ኢንተርንሺፕ ከመውጣቴ በፊት እኔም ክላስተር ሲባል የሚታየኝ ይሄ ቁጥር ብቻ ነበር።

እዚያ መሥሪያ ቤት የነበረው አሠራር ቀላል ነው። ሁለት ሰርቨሮች፣ ሁለቱም በፋይበር የተያያዙበት አንድ የጋራ ዲስክ፣ በዲስኩ ላይ የደንበኞች ሒሳብ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ። ኮሮሲንክ የተባለው ሶፍትዌር በሁለቱ መካከል የልብ ትርታ ያመላልሳል፤ “አለህ?” “አለሁ” እንደማለት ነው። ፔስሜከር ደግሞ ያንን እየሰማ የትኛው ሰርቨር ዲስኩን ይክፈት፣ ዳታቤዙን ያስነሳ፣ ቅርንጫፎች የሚገቡበትን አይፒ አድራሻ ይያዝ የሚለውን ይወስናል። ጓደኛው መልስ ካቆመ “ሞቷል” ብሎ ሁሉንም ይረከባል።

ችግሩ ያለው “ሞቷል” በምትለው ቃል ላይ ነው። መልስ ያልሰጠ ሁሉ ሞቷል እንዴ? ገመዱ ተነቅሎ ቢሆንስ?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ዋናው መሥሪያ ቤት መብራት ጠፋ። ሰርቨሮቹ ዩፒኤስ ላይ ስለነበሩ አልጠፉም። ቅርንጫፎች የሚገቡበት ትልቁ ስዊችም እንደዚሁ። የልብ ትርታው የሚያልፍባት ትንሿ ስዊች ግን ማን እንደሰካት ባልታወቀ ሁኔታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ነበር መብራት የምታገኘው። እሷ ጠፋች። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም ሰርቨሮች ጤነኛ ነበሩ፣ ሁለቱም ግን ጓደኛዬ ሞቷል አሉ። ሁለተኛው ሰርቨር ዲስኩን ከፈተ፣ ዳታቤዙን አስነሳ፣ አይፒ አድራሻውን ያዘ። የመጀመሪያውም አልለቀቀም። ለአርባ ደቂቃ ያህል ሁለቱ በአንድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ጻፉ። አንዱ ቅርንጫፍ ከዚህኛው ጋር ይሠራል፣ ሌላው ከዚያኛው ጋር። ስክሪኑ ላይ ምንም ስህተት የለም፣ ደንበኛ እየተስተናገደ ነው፣ ሁሉም ደስ ብሎታል።

ይህ በሙያው ስፕሊት ብሬን ይባላል፤ የአንጎል መከፈል ልንለው እንችላለን። ተራ የፋይል ሲስተም ደግሞ አንድ ጌታ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለት ሰርቨር በአንድ ጊዜ ሲከፍተው፣ እያንዳንዱ ባዶ ነው ብሎ በያዘው ቦታ ላይ ሌላው ጽፎበታል። መብራት መጥቶ ትንሿ ስዊች ስትነሳ ፔስሜከር ሁለት ቦታ የሚሠራ ዳታቤዝ አየና ሁለቱንም አቁሞ በአንዱ ሊያስነሳ ሞከረ። ዳታቤዙ አልከፈት አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልረሳውም። የዓርብ ሌሊቱ ባክአፕ ተመለሰ፤ የቅዳሜው ሥራ በሙሉ ከወረቀት ደረሰኝ እየታየ እንደገና እንዲገባ ተወሰነ። ካሸሮቹ እሑድ ተጠርተው መጡ። እኔም ደረሰኝ አንባቢ ሆኜ ተመደብኩ። ከክልል ቅርንጫፎች ደረሰኞቹ በስልክ ፎቶ እየተነሱ ነበር የሚላኩት፤ አንዳንዱ ቁጥር ሰባት ይሁን አንድ አይለይም። እንዲህ ሲሆን ካሸሯ ስልክ ደውላ “እማማ፣ የቁጠባ ደብተርዎን አንዴ ያንብቡልኝ” ትላለች። አንዲት እናት ቅዳሜ ያስገቡት ሁለት ሺህ ብር ደብተራቸው ላይ አለ፤ ደረሰኙ ግን ከክምሩ ውስጥ አልተገኘም። እሳቸው ሊዋሹ ይችላሉ የሚል ሰው ነበረ። ካሸሯ “የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ፊርማዬን አውቀዋለሁ” ብላ ድርቅ ስላለች ገባላቸው። ለስድስት ወር የጥጃ መግዣ ያጠራቀሙት ገንዘብ መሆኑን የሰማሁት ከዚያች ካሸር ነው። ክፍል ውስጥ “ዳታ ኢንቴግሪቲ” የምንለው ነገር ይህ መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል።

የሰርቨር ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሰኞ ዕለት ኮንፊገሬሽኑን ከፍተው አሳዩኝ። ስቶኒዝ የሚለው መስመር “ፎልስ” ተብሏል። ክላስተሩን የተከለው ድርጅት ነው እንደዚያ ትቶት የሄደው። “አየህ የኔ ልጅ” አሉኝ፣ “ዘበኛውን አሰናብተን በሩን ከፍተን ነው የተኛነው።”

ስቶኒዝ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ሲሆን ወደኛ ሲመለስ “ሌላኛውን ኖድ ጭንቅላቱን በለው” ማለት ነው። ሲሰሙት ያስቃል፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ጓደኛህ መልስ ካቆመ፣ ንብረቱን ከመንካትህ በፊት በእርግጥ መጥፋቱን አረጋግጥ፤ ማረጋገጫውም ራስህ ማጥፋት ነው። ሰርቨሩ ላይ ባለው የማስተዳደሪያ ካርድ በኩል ኃይሉን ቆርጠህ፣ “ጠፍቷል” የሚል መልስ ስታገኝ ብቻ ዲስኩን ትከፍታለህ። ይህ ነው ፌንሲንግ። ፔስሜከር ሲጫን ይህ ነገር ከመጀመሪያውኑ የበራ ነው፤ የፌንሲንግ መሣሪያ ካልተሰጠው ምንም አገልግሎት አላስነሳም ብሎ ያስቸግራል። ብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች ታዲያ ለልምምድ እንዲቀል “አጥፉት” ይላሉ። ልምምዱ ያልቃል፣ መስመሩ ግን እየተገለበጠ እውነተኛ ገንዘብ ያለበት ቤት ድረስ ይሄዳል። ሬድ ሃት ፌንሲንግ ለሌለው ክላስተር ድጋፍ አልሰጥም የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ካላበረስ? የአገራችን ሽማግሌዎች ለእርቅ ሲቀመጡ ሦስት ወይም አምስት ሆነው ቢሆን የሚመረጠው፣ ሁለት ለሁለት ተፋጠው እንዳይቀሩ ይመስለኛል። ክላስተርም እንዲሁ ምልዓተ ጉባኤ ይፈልጋል። ከሦስት ሁለቱ፣ ከአምስት ሦስቱ ካልተስማሙ ሥራ የለም። አራት ሰርቨር መግዛት ከዚህ አንጻር ብዙ አይጠቅምም፤ ከአራት ሦስቱ መስማማት ስላለባቸው እንደ ሦስቱ ሁሉ የሚችሉት የአንድ ሰርቨር መውደቅ ብቻ ነው። ሁለት ብቻ ሲሆኑ ግን አንዱ ሲጠፋ ብዙኃን የሚባል ነገር ስለማይኖር ሶፍትዌሩ ላይ የተለየ ፈቃድ ይሰጣቸዋል። ያኔ ፌንሲንግ ከሌለ ዳኛ የሌለበት ክርክር ነው።

ምልዓተ ጉባኤ ብቻውን በቂ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 21 ቀን 2018 ጊትሃብ ላይ የደረሰውን ድርጅቱ ራሱ በዝርዝር ጽፎታል። በምሥራቅ አሜሪካ የሚገኘው ዋና የዳታ ማዕከሉ በጥገና ምክንያት ለ43 ሴኮንድ ግንኙነቱ ተቋረጠ። የቀሩት አባላት በብዙኃን ድምፅ ዋናውን ዳታቤዝ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ምሥራቁ ግን ወደ ምዕራብ ያልደረሱ የጥቂት ሴኮንዶች ጽሑፎች ቀርተውበት ነበር፤ ምዕራቡም አዲስ ጽሑፍ መቀበል ጀምሮ ነበር። ሁለቱን ለማስታረቅ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ የተስተጓጎለ አገልግሎት አስከፈለ። ከፍጥነት ይልቅ የዳታውን ትክክለኛነት መርጠው ነው ያን ያህል የቆዩት፤ እኔ በበኩሌ ልክ አድርገዋል እላለሁ። ለ43 ሴኮንድ መቆም ሰው ያማርራል እንጂ ጥጃ አያሳጣም።

ወደኛው ቤት ስመለስ፣ ጥገናው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ትንሿ ስዊች ዩፒኤስ ላይ ተሰካች፤ የልብ ትርታውም በትልቁ ስዊች በኩል ሁለተኛ መንገድ ተበጀለት። ፌንሲንጉ በርቶ፣ ሁለቱ እኩል ተኳኩሰው አብረው እንዳይጠፉ አንደኛው ላይ የጥቂት ሴኮንድ መዘግየት ተደረገ። ከዚያም የኛ አገር ጣጣ መጣ። የማስተዳደሪያ ካርዱ መብራት የሚያገኘው ከዚያው ከሰርቨሩ ነው። አንዱ ሰርቨር ኃይል ካጣ ካርዱም አብሮ ይሞታል፤ የተረፈው “ጓደኛዬን ላጥፋው” ቢል መልስ የሚሰጠው የለም፤ ስለዚህ ሳይረከብ እየጠበቀ ይቀመጣል። ይህን ጋሼ አስቀድመው አይተውት ኖሮ፣ በትእዛዝ የሚጠፋና የሚበራ የመብራት ማከፋፈያ እንደ ሁለተኛ አማራጭ እንዲገዛ ጠየቁ። ግዢ ክፍል “ሰርቨር ለማጥፋት ዕቃ ይገዛልን” የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ምን እንዳለ ልትገምቱ ትችላላችሁ። ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው ጋሼ ራሳቸው የደረሰኙን ክምር ይዘው ሄዱ፤ ተፈቀደ።

ልምምዱ የተደረገው አንድ እሑድ ሌሊት ነው። ጋሼ “ንቀለው” አሉኝ፤ የመጀመሪያውን ሰርቨር የልብ ትርታ ገመዶች ሁለቱንም ነቀልኩ። ትንሽ ቆይቶ የሰርቨሩ ማራገቢያ ቀጥ አለ። ሁለተኛው ዲስኩን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በሰዓቴ የቆጠርኩት 38 ሴኮንድ ነበር። ጋሼ መዝገባቸው ላይ ጻፉትና “በል ደግሞ በዚያኛው በኩል” አሉኝ።