ሠላሳ ክፍል ያለው ቅስት



በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባለች አንዲት መድረሳ ቅዳሜና እሁድ የምናግዝ የምህንድስና ተማሪዎች ነን። ልጆቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚውሉት መንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው። ዘንድሮ ለሒፍዝ ተማሪዎች የሞባይል መተግበሪያ እየሠራን ነው። ከሁሉም በላይ ያከራከረን የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ ልጁ የት እንደደረሰ በምን እናሳየው?

ቀላሉ መንገድ መቶኛ ነው። ግን የምን መቶኛ? ሒፍዝ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከመጨረሻው፣ ከጁዝእ ዐምመ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ጁዞች ከሱረቱል ሙጃደላህ እስከ ሱረቱ ናስ 57 ሱራዎችን ይይዛሉ፤ ይህ ከ114ቱ በትክክል ግማሽ ነው። በሱራ ብንቆጥር ስልኩ ልጁን «50 በመቶ ደርሰሃል» ይለዋል። በጁዝእ ብንቆጥር ግን ከ30 ሦስት፣ ማለትም 10 በመቶ ነው። የፊተኛው ቁጥር ያዘናጋዋል፤ ሱረቱል በቀራህ ብቻዋን 286 አያ ይዛ ከፊቱ አለች። የኋለኛው ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ነገር ግን ስንት ወር የለፋ ልጅ «10» የሚል ቁጥር ብቻ ሲያይ ወኔው ሊከዳው ይችላል።

ስለዚህ በ30 የተከፈለ ቅስት መረጥን። ልጁ የሚያየው መቶኛ ሳይሆን ሦስት የበሩ ክፍሎች ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ጁዝእ ነው። ወጥ መስመር ከአንድ ጫፍ ተነስቶ ብቻ ይሞላል፤ የተከፋፈለ ቅስት ግን 30ኛውን፣ 29ኛውን፣ ከዚያም አንደኛውን ሊያበራ ይችላል። ልጆቹ የሚሐፍዙትም እንደዚያ ነው።

ለሚሞክረው ሰው አሠራሩን ባጭሩ እንንገር። ቅስቱ ከታች ክፍት ሆኖ 270 ዲግሪ ይሸፍናል፤ ለ30 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 9 ዲግሪ ይደርሰዋል። ስድስቱን ለቀለሙ፣ ሦስቱን ለክፍተቱ ሰጠን። ራዲየሱ 120 ፒክሰል ሲሆን የ3 ዲግሪ ክፍተት 6 ፒክሰል ያህል ብቻ ነው። የመስመሩ ውፍረት 12 ከሆነና ጫፉን ክብ ካደረጋችሁት እያንዳንዱ ጫፍ 6 ፒክሰል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጎረቤታሞቹ ይደራረቡና ክፍተቱ ይጠፋል። ስለዚህ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይሁን። በአንድሮይድም በፍላተርም ዜሮ ዲግሪ በስተቀኝ ነው፤ ቁጥሩም ሲጨምር እንደ ሰዓት ዘንግ ወደ ታች ይዞራል። ሙስሐፍ ከቀኝ ስለሚነበብ እኛ ከ45 ዲግሪ፣ ከቀኝ ታችኛው ጫፍ ተነስተን በተቃራኒው ሳልነው። አንደኛው ጁዝእ በቀኝ፣ ዐምመ በግራ ሆነ።

ትልቁን ጥያቄ ያነሱት ግን ኡስታዛችን ናቸው። «የበራው ክፍል መቼ ነው የሚጠፋው?» አሉን። የተለመዱት ማሳያዎች ወደፊት ብቻ ይሄዳሉ፤ አንዴ የሞላ ሞላ ነው። ቁርኣን ግን ሙራጀዓ ካላገኘ ከልብ ይወጣል። ወደፊት ብቻ የሚሄድ ቅስት ሐፊዙን ይዋሸዋል። ስለዚህ ኡስታዙ በወሰኑት ቀን ውስጥ ያልተደገመ ጁዝእ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ውፍረቱም ይቀንሳል፤ ቀለም መለየት የሚቸግረው ልጅም ያውቀዋል። አይጠፋም፤ የተለፋበት ነውና። መልሶ የሚያደምቀው ልጁ ራሱ አይደለም፤ ኡስታዙ ካዳመጡት በኋላ ነው።

ደረጃና ውድድር እንዲጨመር የጠየቁን አሉ። አልጨመርንም። የአንዱን ቅስት ሌላው ልጅ አያየውም፤ ኒያውን ለሪያእ ማጋለጥ አልፈለግንም። የሚያዩት ኡስታዙና ወላጅ ብቻ ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም ማንም ሳያነብላቸው የትኛው እንደደመቀ፣ የትኛው እንደደበዘዘ ለይተው «ይሄኛውስ ምን ሆነ?» ብለው ልጃቸውን መጠየቅ ይችላሉ።

እህት ወንድሞች፣ ብዙዎቻችን ዐምመን በልጅነታችን ሐፍዘናል። ፈተናና ፕሮጀክት በተደራረበበት በዚህ ግቢ ያ ክፍል ዛሬ ምን ዓይነት ቀለም አለው? በቀን አንድ ገጽ መድገም ስልክም መተግበሪያም አይፈልግም። ቅዳሜ ጠዋት ጊዜ ያላችሁ ደግሞ አብራችሁን ውጡ፤ ኮድ የሚጽፍ አላጣንም፤ ቁጭ ብሎ ልጆቹን የሚያዳምጥ ግን ያንሰናል። በዱዓችሁ አትርሱን።

ወላሁ አዕለም።