ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ

ዓላማውና ድካሙ ያልተገናኘለትን ሰው የአገራችን ገበሬ «ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ» ሲል ይተርትበታል። ወፊቱ ከወዲያኛው ቁጥቋጦ ሥር ተሸሽጋለች፤ የአዳኙ ውርወራ ግን ወደ ወዲህ ያዘነብላል። ተረቱ ለጠመንጃ ገዢም ይሠራል። አብዛኛው ገዢ የሚያድነውን ወፍ፣ የሚቆምበትን ሜዳና የትከሻውን አቅም ትቶ በመደርደሪያው ላይ የሚያብረቀርቀውን ብረት ያያል፤ ኪሱ ከተራቆተ በኋላ የገዛው ነገር ለሌላ ሰው፣ ለሌላ ወፍ የተሠራ ሆኖ ያገኘዋል።

ከወሎ ደጋ ተነሥቶ ብዙ አገር ከዞረ በኋላ በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ በሱ ፎልስ ከተማ የሰፈረ አንድ ሰው ይህን ምርጫ ለመጨረስ አንድ ሙሉ በጋ ፈጅቶበታል። ሱ ፎልስ የሥጋ ማቀነባበሪያ ከተማ ናት፤ በዚያ ሥራ ኑሯቸውን የመሠረቱ ኢትዮጵያውያንም በርካታ ናቸው። ሰውየው ለዓመታት ቢላዋ ይዞ በተንቀሳቃሹ መስመር ፊት ሲቆም የኖረ በመሆኑ ቀኝ ትከሻው እንደ ቀድሞው አይደለም። የእርሻ መሬት ያለው አንድ የሥራ ባልደረባው ግን በየጥቅምቱ ለፌዛንት አደን ይጋብዘዋል። ሦስት መከር በተውሶ ጠመንጃ ወጣ። ጠመንጃ መዋስ እንደ ነውር በሚታይበት ቤት ላደገ ሰው ሦስቱም ዓመት የሚከብድ ነበር።

ፌዛንት ከዶሮ የማይተናነስ፣ ጅራቱ የረዘመ፣ የወንዱ አንገት ነጭ ቀለበት የጠለቀለት ወፍ ነው። ዘሩ ከእስያ የመጣ ነው እንጂ የአሜሪካ ተወላጅ አይደለም። በሳውዝ ዳኮታ የመጀመሪያው ሕጋዊ አደን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1919 ሲሆን፣ በ1943 ይኸው መጤ የግዛቲቱ ወፍ ተብሎ ታወጀ። መገደል የተፈቀደው ወንዱ ብቻ ነው። ወፉ ከሣር ውስጥ ድንገት እየጮኸ ሲነሣ አዳኙ ወንድ መሆኑን ለይቶ፣ ከፊቱ ሰውም ውሻም አለመኖሩን አረጋግጦ ለመተኮስ ያለው ጊዜ ዓይን ከመጨፈን ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን የሚፈለገው ጥይት ለማርከፍከፍ አይደለም። የመጀመሪያው ቢስት ሁለተኛውን ያለ እጅ እንቅስቃሴ ለመድገምና በተለይም የጠመንጃውን እርግጫ ለማለዘብ ነው። ዳክዬንና ሌሎች ተሰዳጅ ወፎችን ለማደን ሲሆንማ የአሜሪካ ሕግ ከ1935 ጀምሮ በጠመንጃው ውስጥ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይኖር ስለሚከለክል፣ በካዝናው ውስጥ ማገጃ ዘንግ ይገባበታል።

የሰውየው አባት ምንሽር ነበራቸው። በምንሽር ቆቅ አይተኮስም ነበር፤ ጥይት ተቆጥሮ የሚቀመጥ ሀብት ነውና ቆቅና ጅግራ የወጥመድ ድርሻ ነበሩ። ያ ትውልድ ጠመንጃን በትውልድ አገሩና በሠሪው ስም ይጠራ ነበር፤ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ግራ፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር፣ በልጅግም ከቤልጅግ አገር። ሰውየው በከተማው የአሮጌ ጠመንጃዎች ሱቅ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበት፣ ጀርባው እንደ ጉብታ የቆመ ብራውኒንግ አውቶ 5 «ቤልጅግ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ሲያነብበት ልቡ የደነገጠው ስለዚህ ነው። የአባቱ ባልንጀሮች ይመኙት የነበረው በልጅግ የወጣባት የኸርስታል ከተማ ይህንንም ወልዳለች።

አውቶ 5 ታሪክ ያለው መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ንድፉን የሠራው በ1898 ሲሆን፣ ከዊንቸስተር ኩባንያ ጋር በክፍያ ሳይስማማ ቀረ። ወደ ሬሚንግተን ሄዶ የኩባንያውን ፕሬዚዳንት ሊያነጋግር ሲጠብቅ ሰውየው በዚያው ቀን በልብ ድካም ሞቱ። በ1902 ንድፉን ይዞ ወደ ኸርስታል ተሻገረ፤ ኤፍ.ኤን. የተባለው ፋብሪካም ሠራለት። ብራውኒንግ ራሱ በ1926 ያረፈው በዚያችው ከተማ፣ በሥራ ላይ እንዳለ ነው። ጠመንጃው ሲተኮስ አፈሙዙና የኋላ መዝጊያው አብረው ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ፤ የጥይቱ ኃይል በተለወጠ ቁጥርም በካዝናው ቱቦ ላይ ያሉትን የፍትጊያ ቀለበቶች ማስተካከል ያስፈልጋል።

ሰውየው ጠመንጃውን አነሣ፤ ትከሻው ላይ ደገፈው፤ መልሶም አስቀመጠው። ይከብዳል፤ ይራገጣልም። ከዚህ በላይ ደግሞ በመላው አሜሪካ ዳክዬና ዝይ በእርሳስ ጥይት ማደን ከ1991 ወዲህ ተከልክሏል፤ በእርሳስ ፈንታ የሚተኮሰው የብረት ጥሬ ጠንካራ በመሆኑ የቀድሞዎቹን የቤልጅግ አፈሙዞች ሊጎዳ ይችላል። ለፌዛንት በባልደረባው መሬት ላይ እርሳስ ቢፈቀድም፣ ነገ ለዳክዬ ቢጋበዝ ያ ጠመንጃ ከግድግዳ ጌጥነት አያልፍም። ናፍቆት ጥሩ ሻጭ ነው፤ ጥሩ አማካሪ ግን አይደለም።

ከዚያ በኋላ የቀረበለት ምርጫ ከሁለት ስልቶች አንዱ ነበር። አንደኛው በጣሊያኑ ቤኔሊ የታወቀው፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲገፋ በመዝጊያው ውስጥ ያለ ጠንካራ ሞላ ታምቆ ሲለቀቅ ቀለሁን የሚያስወጣውና ሌላውን የሚያጎርሰው ነው። በቱርክ የሚሠራው ስቶገር ኤም3000 በዚህ ስልት የሚሠራ፣ ዋጋውም የማያስፈራ ነው። ጥላሸት ስለማይበዛበት ጽዳቱ ቀላል ነው። ነገር ግን ጠመንጃው በራሱ እርግጫ ስለሚንቀሳቀስ እርግጫውን ተኳሹ ይቀበላል፤ ቀላል ጥይት ሲጎርስ ወይም ትከሻ ላይ ላልቶ ሲያዝ ሊያነክስም ይችላል።

ሁለተኛው የጋዝ ስልት ነው። ባሩዱ ሲነድ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ ከአፈሙዙ ሥር ባሉ ቀዳዳዎች ወጥቶ ፒስተኑን ይገፋል። ግፊቱ በጊዜ ተከፋፍሎ ስለሚደርስ ትከሻ ላይ እንደ ጡጫ ሳይሆን እንደ ጉንተላ ይሰማል። ዋጋው ደግሞ ጽዳት ነው፤ ጥላሸቱ ካልተወለወለ መሣሪያው ይንቃል። በዚህ ስልት ቴኔሲ ውስጥ የሚሠራው ቤሬታ ኤ300 ኡልቲማ አዲስነቱ ቢያጓጓም ወደ አንድ ሺህ ዶላር ይጠጋል። በ1963 ለገበያ የወጣው ሬሚንግተን 1100 ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ስለተሠራ በየሱቁ አሮጌው አይታጣም። ኩባንያው በ2018 እና በ2020 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቀርቦ ንብረቱ ቢሸጥም፣ መለዋወጫው ዛሬም ይገኛል።

ሰውየው የያዘው 800 ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ ግን የጠመንጃ ብቻ አልነበረም። ባለቤቱ ወንድሟን በጥይት ያጣች ሴት ናት፤ ነገሩ በተነሣ ጊዜ የመለሰችለት አንድ ቃል ነው፤ «ጠመንጃ ሸሽተን መጥተን ጠመንጃ ታስገባብኛለህ?» እርሱም አልተከራከረም። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነገሩን መልሳ ያነሣችው እርሷ ነች። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው አባቱን ተከትሎ መውጣት ይፈልጋል፤ እናቱም ከስልኩ ቀና ብሎ ከአባቱ ጋር በሜዳ ሲውል ማየቱን ትወዳለች። ሁለት ነገር ጠየቀች፦ ጠመንጃው በብረት ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ልጁም የአደን ደኅንነት ትምህርት ሳይጨርስ እንዳይነካው። ስለዚህ ከ800ው ላይ ሣጥኑ፣ ፈቃዱ፣ ብርቱካንማው ቆብና ጥይቱ አስቀድመው ተነሡ። ለጠመንጃው የቀረው ከ500 ያነሰ ነበር።

እንዲህ ሲሰላ ነገሩ ራሱን መረጠ። ጠመንጃው የአባትን የታመመ ትከሻና የልጅን ያልጠና ክንድ የሚችል መሆን ነበረበት፤ ስለዚህ የጋዝ ስልት፣ ባለ 20 ጌጅ። ጌጅ ማለት አንድ ፓውንድ እርሳስ በአፈሙዙ ልክ ስንት ድቡልቡል እንደሚወጣው የሚናገር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ አፈሙዙ ይጠባል፣ ጥይቱም ይቀላል። ውሻ ፊት ለፊት ለሚያስነሣው ፌዛንት ባለ 20ው፣ 70 ሚሊ ሜትር ጥይት ጎርሶ ይበቃል።

አሮጌ ሬሚንግተን 1100 ሲቀርብለት ሻጩን ፈቃድ ጠይቆ የእጅ መያዣውን እንጨት አስፈታ። በካዝናው ቱቦ ላይ የተሰነጠቀች የላስቲክ ቀለበት አገኘ፤ ጋዙን የምታግደው እርሷ ናትና ካልተለወጠች ጠመንጃው ቀለህ አያወጣም። ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው፤ የመሣሪያውን ዋጋ ለማስቀነስ ግን በቂ ምክንያት ሆነች። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ ዝገትና ጉብታ ፈለገ። በመጨረሻም የክረምት ካፖርቱን ለብሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አሳረፈ፤ ዓይኑን ሲገልጥ የአፈሙዙን ጫፍ በቀጥታ አየው። ሰደፉ ተስማምቶታል ማለት ነው። ቅጽ 4473 ሞልቶ፣ መዝገቡ ተጣርቶ ገዛው።

በዚያ ጥቅምት ሁለት ወንድ ፌዛንት ጣለ። አንዱ ነፍሱ ሳይወጣ ስለደረሰበት በስመ አብ ብሎ ባረከው፤ ሞቶ ያገኘውን ግን ለባልደረባው ሰጠ፤ ባርከው ያልገደሉትን ያለመብላት ወግ እስከዚያ ሜዳ ተከትሎታልና። ልጁ በዚያ ዓመት ወፍ ተሸካሚ ብቻ ነበር። ከገዙት ከእያንዳንዱ ፓኮ ጥይት ላይ የሚነሣው የ11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንደሚውል ለእናቱ የነገራት እርሱ ነው፤ ከትምህርቱ የያዘው ነው። እናቱ አድምጣ ዶሮ እንደምትሠራው ፌዛንቱን በሽንኩርትና በበርበሬ ሠራችው። ጠመንጃው ተወልውሎ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ፤ የሣጥኑም ቁልፍ ከእርሷ ዘንድ ነው።