ዴሞክራት፣ ዴሞክራሲ፣ ዴሞክራቲክ፦ በረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ ቦታ ስለሚቀይረው አጽንዖት

«ዴሞክራት»፣ «ዴሞክራሲ» እና «ዴሞክራቲክ» ወደ አማርኛ ሲገቡ «ዴሞክራ» የሚለው መነሻቸው በሦስቱም ያለ ልዩነት ይነበባል። በእንግሊዝኛው ግን አጽንዖቱ በመጀመሪያው ቃል በአንደኛው ቀለም፣ በሁለተኛው ቃል በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቃል በሦስተኛው ቀለም ላይ ያርፋል። (ቀለም የተባለው በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚሰባሰበው የድምፅ ክፍል ነው፤ ግጥም የሚመጥን ሰው ለቃሉ እንግዳ አይሆንም።) አጽንዖቱ ሲዛወር አናባቢዎቹም ይለወጣሉ። በ«ዴሞክራት» ውስጥ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው «ኦ» በ«ዴሞክራሲ» ውስጥ ደምቆ ይሰማል።

የመመረቂያ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ የሚያቀርብ ተማሪ ቀለሞቹን ሁሉ በእኩል ኃይል ሲናገር፣ ሰሚው የለመደውን የቃሉን ቅርጽ ስለሚያጣ እንዲደግምለት ይጠይቀዋል። ቃሉን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው እንዳላወቀ ይቆጠራል፤ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ችግሩ ከአከፋፈል ይጀምራል። የግእዝ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ፣ ሆሄ የቆጠረ አንባቢ ቀለም የቆጠረ ይመስለዋል። ሳድስ ግን አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፤ በአራት ሆሄ የሚጻፈው «ስትሪት» በእንግሊዝኛ አንድ ቀለም ብቻ ነው። መዝገበ ቃላትም ሁልጊዜ አያድንም። በአሜሪካ መዝገበ ቃላት በቃሉ መካከል የሚታዩት ነጥቦች በአብዛኛው ቃሉ በመስመር መጨረሻ የት እንደሚቆረጥ የሚያመለክቱ ናቸው፤ አነባበቡ ከጎኑ ባለው የድምፅ ጽሕፈት ይገኛል። ኖኅ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1783 ባሳተመው የንባብ መማሪያ፣ ቀድሞ «ሀ-ቢት» ተብሎ ይከፈል የነበረውን ቃል «ሀብ-ኢት» ብሎ የከፈለው ክፍፍሉ ራሱ አጭሩን አናባቢ ለሕፃናት እንዲጠቁም በመፈለጉ ነበር።

ረጅም ቃልን ከመጨረሻው ጀምሮ ማየት ይበልጥ ይጠቅማል። «-ሽን»፣ «-ኢክ» እና «-ኢቲ» የተባሉት ቅጥያዎች አጽንዖቱን ከእነርሱ በፊት ወዳለው ቀለም ይስባሉ። ስድስት ቀለም ያለው «ዴሞክራታይዜሽን» በአምስተኛው፣ ማለትም በ«ዜ» ላይ ይጸናል። «ፖለቲክስ» ደንቡን ይጥሳል፤ እንዲህ ያሉት ቃላት አንድ በአንድ መጠናት አለባቸው።

አማርኛ ተናጋሪ ያልተጻፈን ነገር አሟልቶ ማንበብን ለምዷል። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን ይገልጻል፤ በጽሑፉ ላይ ግን ምንም ምልክት የለም። ስለሆነም መምህሩ አጽንዖትን ከመጥበቅና ከመላላት ተነሥቶ ቢያስተምር ይመረጣል፤ በእርግጥ ማጥበቅ የተነባቢ ርዝመት ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው አጽንዖት በዋናነት የሚሰማው በአናባቢው ላይ ነው።