ከአሶሳ እስከ ዳቡስ

ከደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ዕጣ ሳወጣ አሶሳ ደረሰኝ። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። «ወባ አገር ነው፤ ኪኒን ያዝ» ከማለት በቀር የሚመክረኝ አላገኘሁም። የተመደብኩትም ከተማው ውስጥ አይደለም፤ የወሎ ሰፋሪዎች በሚኖሩበት አንድ አምባ ነው።

አምባው ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። አሶሳ ላይ ሰፈራ የተጀመረው ቀደም ብሎ ቢሆንም፣ ሕዝቡ የጎረፈው ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ነው። ያኔ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሰው ለማስፈር አቅዶ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ አጓጉዟል። ከደጋ የወረደው ወሎዬ በሽመል ቤት እየኖረ፣ ባሚያ መብላት እየለመደ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ኑሮን ሀ ብሎ ጀመረ።

ኑሮው የጦር ሰፈር ኑሮ ነበር። ጎህ ሲቀድ የተሰቀለው ቸርኬ ይደወላል፤ ገበሬው ተሰልፎ ወደ ማኅበሩ እርሻ ይሄዳል፤ የሠራው በነጥብ ይመዘገብለታል፤ ማታ ደግሞ ስብሰባ። የአምባው ካድሬ ትምህርት ቤቱንም በዚያው መንገድ እንድንመራ ያዝዘን ነበር። ልጆቹ በቁመታቸው ይሰለፋሉ፣ የፊተኛውን ትከሻ ይይዛሉ፣ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ይላሉ። ወባ ያንቀጠቀጠው ልጅ ሰልፍ ላይ ሲወድቅ እንዳላየ ሆኜ ስም መጥራቴን እቀጥል ነበር። ካድሬው ከተማ በሄደ ቀን ሰልፉን እተወዋለሁ።

ከአጎራባች መንደር የሚመጡ ጥቂት የበርታ ልጆችም ነበሩኝ። በዚያ ዘመን መሠረተ ትምህርት በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ በርታኛ ከመካከላቸው አልነበረበትም፤ ትምህርት ቤትም ልጆቹ የሚማሩት በማያውቁት ቋንቋ ነበር። የአንዱ አባት፣ ሉሕ ይዘው ቁርአን የሚያስቀሩ ሽማግሌ፣ አልፎ አልፎ ከክፍሉ በር ቆመው ይሰሙኝና «አስተማሪ፣ አንተም እንደኔ ትጮኻለህ» ይሉኝ ነበር።

በ1982 ዓ.ም የገና ሰሞን የኦነግ ጦር በሻዕቢያ እየታገዘ አሶሳን ያዘ። ማን ምን አደረገ የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ እኔ የምመሰክረው መንገዱን ነው። ወላጆች ማሽላ አጨዳ ላይ ነበሩ፤ ልጆቹ ከእኔ ጋር። ተኩሱ ሲቀርብ ወላጅ ወደ ልጁ የሚደርስበት መንገድ ተቆረጠ። ከኩርሙክ ጦርነት ሸሽተው ጾሬ መጠለያ የነበሩት የሱዳን ኡዱኮችም በዚያው ሰሞን ዳግመኛ ተሰደዱ።

ሽማግሌው መጡ። «በመኪና መንገድ አትሂዱ» አሉና የራሳቸውን ልጅ ጨምረው ፊት ፊት መሩን። ሳሩ በሰደድ እሳት ተቃጥሎ መሸሸጊያ አልነበረም፤ ቀን ቀን ሸለቆ ውስጥ ተኝተን ሌሊት እንጓዛለን። ጨለማ ውስጥ መዝገብ አይነበብም፤ ስማቸውን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። በየእረፍቱ በሹክሹክታ እጠራለሁ፤ በሹክሹክታ «አቤት» ይላሉ። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ስለሚሄዱ አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው ይጎትተዋል። ያ የጠላሁት ሰልፍ ልጆቹን አንድ ላይ ያዘልኝ። ለዚህ ግን ካድሬውን አላመሰግንም፤ ልጅ ጨለማ ውስጥ ሲሆን ያለ ካድሬም የሰው ትከሻ ይይዛል።

የከበደው ውኃ ነው። ጅረቱ ደርቆ አሸዋ እንቆፍራለን፤ የሚጠራቀመውን ጭቃ ውኃ በነጠላ አጥልዬ በእፍኝ አከፋፍላለሁ። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ትኩሳቱ ጸናባት። ሽማግሌውና እኔ እየተቀባበልን አዘልናት። ዳቡስ ወንዝ ሳንደርስ አረፈች። መቃብሯን ሽማግሌው ቆፈሩ፤ የእሷ ወገኖች ክርስቲያን መሆናቸውን ጠይቀውኝ «እንግዲያው ጸሎቱን አንተ በል» አሉኝ። አባታችን ሆይን ጀምሬ መሐል ላይ ጠፋኝ፤ ልጆቹ ተቀብለው ጨረሱት።

ዳቡስን ከተሻገርን በኋላ ቀድመው የደረሱ ወላጆች ልጆቻቸውን ለዩ። የልጅቷ እናት ከመጡት ውስጥ ነበረች። ምን ብዬ እንደነገርኳት አላስታውስም። እሷ ያለችኝን ግን አስታውሳለሁ፤ «ምን ጊዜ ነበር? ቀን ነው ሌሊት?» ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

በኋላ ደመወዜን ልጠይቅ ሄድኩ። የሠራተኛ አስተዳደሩ ፋይሌን ገልጦ፣ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታዬ መለየቴን የሚገልጽ ደብዳቤ አሳየኝ። የነበርኩበትን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከአምባው ሊቀመንበር አጽፌ እንዳመጣ ታዘዝኩ።