ብሔር፦ ፕላስቲክ

18 ዓመት እንደሞላኝ መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ። ሠራተኛው ቀና ሳይል ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም። ከዚያ፦

«ብሔር?»

«እናቴ አማራ ናት፣ አባቴ ደግሞ ሶማሌ።»

«አንዱን ንገሪኝ።»

«ሁለቱንም መጻፍ አይቻልም?»

«ቦታው አንድ ቃል ነው የሚይዘው፣ እህቴ።»

እኔ ሳመነታ እሱ የአባቴን ስም አየት አደረገና ጻፈው። ውሸት አልጻፈም። ግን ያሳደጉኝ እናቴና አያቴ ናቸው፤ አባቴን የማውቀው ከሁለት ፎቶና ከስሜ ቀጥሎ ከሚመጣው ስሙ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ እንደኔ ያለ ልጅ ብርቅ አይደለም፣ በየሰፈሩ ሞልቷል። ብርቅ የምንሆነው ፎርም ላይ ነው።

ፖሊ ስታይሪንን ያገኘኋት በዚያው ክረምት ዩቲዩብ ላይ ነው። ጥርሷ ላይ ብረት ያሰረች ጠይም ልጅ፣ ደማቅ ልብስ ለብሳ፣ ማይኩን ልትውጠው እስኪመስል ትጮሃለች። ከጎኗ ሳክስፎን አብሯት ይጮሃል። መጀመሪያ ድምፁን ቀነስኩት። ትንሽ ቆይቼ መልሼ ጨመርኩት። ማን እንደሆነች ስፈልግ አባቷ ሶማሌ፣ እናቷ ብሪታኒያዊት መሆናቸውን አነበብኩ። ያሳደገቻት እናቷ ናት። ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ።

የእውነት ስሟ ማሪያን ጆአን ኤሊየት-ሰኢድ ነው። በ1957 ተወለደች (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ ያደገችው ብሪክስተን፣ ለንደን ነው። 19 ዓመት በሞላት ቀን፣ ጁላይ 3 ቀን 1976፣ ሄስቲንግስ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሴክስ ፒስቶልስ ሲጫወቱ አየች። እነዚህ ከቻሉ እኔስ ምን ያቅተኛል ብላ ነው መሰለኝ፣ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥታ ልጆች ሰበሰበች። ጃክ ኤርፖርት ጊታር፣ ፖል ዲን ቤዝ፣ ቢ ፒ ሃርዲንግ ድራም፣ ገና ተማሪ የነበረችው ሎራ ሎጂክ ሳክስፎን ያዙ። ባንዱ ኤክስ-ሬይ ስፔክስ ተባለ።

ለራሷ የመድረክ ስም የመረጠችው የስልክ ማውጫ ስታገላብጥ ነው። ፖሊስታይሪን ማለት ቴሌቪዥን ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኙት ነጭ፣ ሲነካ የሚንሿሿ ነገር ነው። ከዕቃው ጋር መጥቶ የሚጣል ፕላስቲክ። ሰው ከየት ነሽ እያለ ሲያደክማት፣ ከፋብሪካ ነኝ ያለች ያህል ነው የቆጠርኩት።

የመጀመሪያው ነጠላ ዜማቸው «ኦ ቦንዴጅ አፕ ዮርስ!» በሴፕቴምበር 1977 ወጣ። በእኛ መስከረም 1970 ነው። አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 1969 ላይ፣ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሊይዝ ደጃፏ ድረስ መጥቶ ነበር። አያቴ የከባድ መሣሪያው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ አለ። ልጇ ሶማሌ ልታገባ መሆኑን ስትሰማ መጀመሪያ የመጣባት እሱ ድምፅ እንደነበር አልደበቀችኝም። አባቴ ግን የተወለደው እዚሁ ድሬ ነው። ያን ቀን እሱም ሕፃን ሆኖ አልጋ ሥር ተደብቆ ነበር። ይህንን ለአያቴ የነገራት በኋላ፣ ቡና መጠጣት ከጀመሩ ወዲህ ነው።

ኤፕሪል 30 ቀን 1978 ለንደን ቪክቶሪያ ፓርክ ውስጥ ዘረኝነትን የሚቃወም ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መጣ። ፖሊ መድረክ ላይ የወጣችው ራሷን በሻሽ አስራ ነው፤ ከሻሹ ሥር ፀጉር አልነበረም። የወሲብ ምልክት ሊያደርጉኝ ከሞከሩ ፀጉሬን እላጫለሁ ትል ነበር፣ ተላጨች። እኛ ዘንድ በድሮው ወግ ሴት የምትላጨው ሐዘን ሲደርስባት ነው። ቪዲዮውን ሳሳያት አያቴ ወዲያው «ማን ሞቶባት ነው?» አለች። ስቄ ነበር። የቀጣዩን ዓመት ታሪኳን ካነበብኩ በኋላ ግን አያቴ ብዙም እንዳልተሳሳተች ገባኝ።

ፖሊን ቅድስት ላደርጋት አልፈልግም። ሎራ ከመጀመሪያው ዜማ በኋላ ከባንዱ እንድትወጣ ተደረገ፤ ሳክስፎኑን ሩዲ ቶምሰን ተረከበው። በ1978 መጨረሻ የመጀመሪያው አልበማቸው «ጀርምፍሪ አዶለሰንትስ» ወጣ። ስሙን የያዘው ዘፈን እንግሊዝ ውስጥ 19ኛ ደረጃ ደረሰ። ፕላስቲክ፣ ማስታወቂያ፣ ንጽሕና፣ ማንነት፣ ሁሉንም እየሳቀች ነው የዘፈነችው። በዚያው ጊዜ ግን ጉብኝትና ጩኸት አድክሟት ነበር። ዶንካስተር ከተማ ሆቴል ውስጥ ሳለች በመስኮት የሚያበራ ነገር ሰማይ ላይ አየሁ አለች። ሆስፒታል አስገቧት፣ ስኪዞፍሬኒያ ነው አሏት። ባይፖላር መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1979 ባንዱን ተወች። አንድ አልበም፣ አምስት ነጠላ ዜማ፣ ሦስት ዓመት ገደማ። አለቀ።

ለረጅም ጊዜ በዚህ ተናድጄባት ነበር። ሁሉም ሊሰማት በጀመረበት ሰዓት እንዴት ትታ ትሄዳለች? የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ እንደነበረች ያሰብኩት እኔ ሃያ ሁለት ሲሞላኝ ነው። በሐኪሞቹም በኩል የደረሰባት የቀበሌውን ፎርም አስታወሰኝ፤ ጠባብ ቦታ፣ አንድ ቃል፣ ያውም የተሳሳተ። ልጇ ሴለስት ቤል በ2021 ከፖል ስንግ ጋር በሠራችው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ፣ እናቷ ልታሳድጋት አቅቷት ከአያቷ ጋር የኖረችበትን ጊዜም ትናገራለች። ያንን ክፍል ያየሁት ከአያቴ ጎን ተቀምጬ ነው። አልተረጎምኩላትም።

ፖሊ በኤፕሪል 2011፣ በ53 ዓመቷ፣ በጡት ካንሰር ሞተች። የመጨረሻ አልበሟ የወጣው ከመሞቷ አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ነው።

በቅርቡ ፋይዳ ልመዘገብ ሄድኩ። ወረፋ ላይ ሆኜ መልሴን አዘጋጀሁ፦ «ሁለቱንም ካልጻፍሽ ባዶ ተዪው» እላታለሁ። ስም ጠየቀችኝ፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ። ጣቶቼን አስነሳች፣ ዓይኔን አነሳች።

«ጨርሰሻል» አለችኝ።

«ሌላ ጥያቄ የለም?»

«ምን ቀረ?» አለች፣ ግራ ገብቷት።

«ምንም» ብዬ ወጣሁ። እቤት ስደርስ ሙዚቃውን ከፈትኩት። አያቴ ከጓዳ «ያቺ የተላጨችው ልጅ ናት?» አለች።

«እሷ ናት፣ እማማ።»

ድምፁን ቀንሺው አላለችኝም።